ጋሽ ኢድሪስ ለምን ቸኮሉ?

ጋሽ ኢድሪስ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ሸዋ በር አጠገብ ባጃጅ ስጠብቅ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ መንገዱን ተሻግሮ መጣና፣ «ሾፌሩን፣ ጋሽ ኢድሪስን አልሰማህም እንዴ? ትናንት ከቀትር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው» አለኝ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ሐዘን ነበር ብል ደስ ይለኛል። ሐዘኑ ግን ቆይቶ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው እፎይታ ነበር። «ከእንግዲህ መንገድ ላይ አላገኛቸውም» ብዬ አሰብኩ። ባጃጁ መጥቶ ሲቆም አልገባሁም። እንዲህ ያለ ሐሳብ ያሰበውን ሰው ይዤ ወዴት እንደምሄድ አላወቅኩም።

ይህን የምጽፈው ስለ እሳቸው ነው። ስለ ራሴ የምናገረው ጥቂት ነገር አለ፤ እሱንም ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

በመሐንዲስነት ተቀጥሬ የገጠር ውሃ ወደሚሠራ መሥሪያ ቤት ስገባ፣ ጋሽ ኢድሪስ እዚያ ሲነዱ ዕድሜያቸውን አጋምሰው ነበር። አጠር፣ ደልደል ያሉ፣ ነጭ በክር የተሠራ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ፣ ቅርንፉድ አፋቸው ውስጥ የማያልቅ ሰው ነበሩ። ጀጎል ውስጥ በጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ካለች ቤታቸው በእግራቸው መጥተው፣ ከሁላችንም ቀድመው ግቢ ይገቡና የፒካፑን መስታወት በራሳቸው መሐረብ ይወለውላሉ። ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ሁለት መዳፋቸውን መሪው ላይ ያሳርፋሉ፤ «ቢስሚላህ» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቁልፍ የሚያዞሩት።

ሲበዛ ቀስ ብለው ነው የሚነዱት። መሥሪያ ቤቱ «ኤሊ» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል፤ ይህንን ያውቃሉ፤ አይቀየሙም። «መንገዱ የእግረኛው ነው፤ እኛ እንግዶች ነን» ይላሉ። እግረኛ ለመሻገር ሲያመነታ ካዩ መኪናውን አቁመው፣ ቤቱ እንግዳ እንደሚያስገባ ሰው መዳፋቸውን ዘርግተው «መርሐባ፣ መርሐባ» እያሉ ያሳልፉታል። ሐኪም ጋራ ላይ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች የእሳቸውን መኪና ከሩቅ ለይተው ያውቁ ነበር፤ ጥግ አይዙም፤ ይስቃሉ እንጂ።

ሥራዬን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው ማለት እችላለሁ። መጀመሪያ ገጠር በወጣሁ ቀን ገበሬዎቹ ተሰብስበው፣ እኔ ስለ ቧንቧ ስፋትና ስለ ግፊት ሳወራ ፊታቸው ተዘጋ። ጋሽ ኢድሪስ ከኋላዬ ጠጋ ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ጠይቃቸው። ቧንቧው የትም አይሄድ» አሉኝ። በኦሮምኛም እንዴት እንደምጠይቅ ቃሉን ጆሮዬ ላይ ነገሩኝ። ጠየቅሁ። ሰዎቹ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ አወሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው እኔን «አንተ ኢንጅነር» ይሉኛል፣ ግማሹ ቀልድ ግማሹ ፍቅር ነው፤ እኔ ደግሞ እንደ አባቴ እኩያ «እርስዎ» እላቸዋለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

በባቢሌ መንገድ በኩል ያስገነባሁትን የውሃ ጣቢያ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ሊያዩት ነበር። ሥራው የእኔ ስለሆነ ከሁሉም ቀድሜ ደርሼ ልቀበላቸው ለአለቃዬ ቃል ገብቻለሁ። ጋሽ ኢድሪስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ በር ላይ ነበሩ። እኔ ነኝ ያቆየኋቸው። አዲስ ሱፍ ልብስ አሠርቼ ነበር፤ ከረባቱን ሳስር፣ ስፈታ፣ ሸሚዝ ስቀይር አርባ ደቂቃ በሬ ላይ አቆምኳቸው። ስወጣ ግን «ወንድ ሙሽራ!» ብለው ሳቁና በሩን ከፈቱልኝ።

ከተማውን እንደወጣን አለቃዬ ደወለ። እንግዶቹ ቀድመውናል። ጋሽ ኢድሪስን «ትንሽ ቢፈጥኑ» አልኳቸው። «ገበያ ቀን ነው፣ ኢንጅነር። ሰዉ ሁሉ መንገድ ላይ ነው» አሉ። ሁለተኛ ተናገርኩ። ሁለተኛም በእርጋታ መለሱልኝ። ስልኬ እንደገና ጮኸ። ያኔ በሕይወቴ ለእሳቸው ተናግሬ የማላውቀውን ተናገርኩ።

«አቦ ንካው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! በአህያ ብሄድ እስካሁን ደርሼ ነበር!»

ዞር ብለው አዩኝ። ቅርንፉዱን ማላመጣቸውን አቆሙ። ነዳጁን ረገጡ። ለምን እንደታዘዙኝ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የፈሩኝ አይመስለኝም። ያፈሩ ይመስለኛል፤ ልጅ ባሉት ሰው አፍ «አንተ ሰውዬ» መባላቸው አሳፍሯቸው፣ ከዚያ መኪና ውስጥ ቶሎ መውጣት የፈለጉ ይመስለኛል።

ሰውየው ሙሜ ይባላል። ጫት ጭኖ ወደ ገበያ የሚሄድ ገበሬ ነበር፤ የሁለት ልጆች አባት። ከመታጠፊያው እንደወጣን ከፊታችን ነበረ። ፍሬኑ ጮኸ፤ ከዚያ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥታ ሆነ።

ጋሽ ኢድሪስ ዘለው ወርደው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። የሙሜን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ደሙ ላይ ጫኑት፤ በኦሮምኛ ያናግሩት ነበር፤ ስሙን ጠየቁት፤ የነገራቸውም እሱ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። እኔስ? እኔ ከመኪናው ወርጄ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ሰዓቴን ማየት ነው። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጋሽ ኢድሪስን ፖሊስ እዚያው ያዛቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን ለአንድ ቅጣት እንኳ ተጠርተው የማያውቁ ሰው፣ ባዶ ራሳቸውን፣ በሰው ደም የራሰ ሱሪያቸውን ለብሰው ፖሊስ መኪና ላይ ሲወጡ፣ «ኢንጅነር፣ ለፈትያ አንተ ንገራት፤ ከሰው አፍ እንዳትሰማ» አሉኝ። ወይዘሮ ፈትያ ሚስታቸው ናቸው። ነገርኳቸው። የነገርኳቸው ግን አደጋ መድረሱን ብቻ ነው።

ሽማግሌዎች መካከል ገብተው የሟች ቤተሰብና የጋሽ ኢድሪስ ቤተሰብ ታረቁ። ሕጉ ግን የራሱ መንገድ አለው፤ «በቸልተኝነት ሰው መግደል» በሚል ተከሰሱ። እኔ ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። ዐቃቤ ሕጉ መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ እንደነበር ጠየቀኝ። ከተለመደው በላይ ነበር አልኩ። እውነት ነው።

«ተከሳሹ ለምን እንደቸኮሉ ያውቃሉ?»

ጋሽ ኢድሪስ ከተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣም ልመናም አልነበረም። እንዲያው የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነው። የመምሪያ ኃላፊ ልሆን ስሜ የተላለፈበት ሰሞን ነበር።

«አላውቅም» አልኩ።

አንድ ቃል ናት። አፌን ሞልታ እንኳ አልወጣችም። እሳቸው ተራቸው ሲደርስ፣ «በራሴ ፍላጎት፣ በራሴ ቸልተኝነት ነው። ማንም አላስገደደኝም» ብለው ቃል ሰጡ። ለምን እንደሸፈኑልኝ አልጠየቅኋቸውም። ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው።

እስር ቤት ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው። በመጀመሪያው፣ ታስረው አንድ ወር ሳይሞላቸው ነው፣ አሁንም ያው የድሮው ሰው ነበሩ። ጠያቂው ከእንጨት አጥሩ በዚህ ወገን፣ እስረኛው በዚያ ወገን ቆሞ ሁሉም በአንድ ላይ ይጮሃል። በዚያ ጩኸት መካከል፣ «የመኪናዋን ዘይት ቀየሩላት ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ሙሜ ልጆች ጠየቁኝ። ስለ ራሳቸው ስጠይቃቸው፣ «አልሐምዱሊላህ። መተኛው ብቻ ነው የከበደኝ» አሉ። ክፍሉ ሞልቶ፣ ሰው በጎኑ ብቻ ነው የሚተኛው፤ የክፍሉ አለቃ የሆነ እስረኛ «ዙር!» ሲል ረድፉ በሙሉ በአንድ ላይ ይገላበጣል። «ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ‹ዙር› ሲለኝ እዞራለሁ» ብለው ለመሳቅ ሞከሩ።

ሁለተኛ የሄድኩት ከሰባት ወር በኋላ ነው። ስማቸው ሲጠራ ሮጠው መጡ። ጋሽ ኢድሪስ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም ነበር። ጉንጫቸው ገብቷል፤ ግን ያስደነገጠኝ መክሳታቸው አይደለም። እያናገርኳቸው ወደ እኔ አያዩም፤ ዘቡን ነው የሚያዩት። ስጠይቃቸው መጀመሪያ ዘቡን ያያሉ፣ ከዚያ ይመልሳሉ። ስለ መኪናዋ አልጠየቁኝም። ስለ ሙሜ ልጆችም አልጠየቁኝም። ልንለያይ ስንል፣ «አመሰግናለሁ ጌታዬ» አሉኝ። ጌታዬ!

ሦስተኛ አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ፤ ኃላፊ ሆኛለሁ አልኩ፤ እናቴ «ያንን የሾፌር ሰውዬ ጠየቅኸው ወይ?» ስትለኝ «አዎ» እላት ነበር። እናቴ ቤት ከተጋገረው ዳቦ ለእሳቸው ብላ የቋጠረችልኝን ቢሮ ወስጄ ለባልደረቦቼ ያበላሁበት ቀን አለ።

ከሁለት ዓመት በላይ ታስረው በአመክሮ ወጡ። መንጃ ፈቃዳቸው ታግዷል፤ ሌላ ሾፌርም ተቀጥሯል። ተላላኪ ሆነው እንዲመለሱ ያደረግሁት እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ደግነቴን አወራ። አንድም ሰው ሲያመሰግነኝ አልከለከልኩም።

የታሠረ ሰው ሲፈታ አልቅሶና ተቃቅፎ፣ ከዚያ ወደ ነበረበት የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ኢድሪስ አልተመለሱም። ፋይል ይዘው የተዘጋ በር ላይ ሲደርሱ አያንኳኩም፤ እጀታውንም አይነኩም። አንድ ሰው እስኪከፍት ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ከስብሰባ ስመለስ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ጸሐፊዋ፣ «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ናቸው፤ የሉም ብላቸውም አይሄዱም» አለችኝ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነበር። ስማቸውን ድንገት የጠራ ሰው ካለ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ ያደርጋሉ። ሽንት ቤት ለመሄድ ያስፈቅዳሉ። ካንቲን ውስጥ «ሻይ ነው ቡና?» ሲባሉ ይጨነቃሉ፤ «እንደተገኘ» ይላሉ። ወጣቶቹ መጀመሪያ አዘኑላቸው፤ ቆይተው መሳቅ ጀመሩ፤ ከበስተኋላቸው «ኢድሪስ!» ብለው ጮኸው ሲነሱ የሚያዩ ነበሩ። አንድ ጊዜ እኔ ባለሁበት ተደረገ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ከንፈሬ ላይ ፈገግታ ነበረ።

አንድ ቀን ፒካፑ በር ዘግቶ ቆሞ አዲሱ ሾፌር በችኮላ ቁልፉን ለጋሽ ኢድሪስ ሰጣቸውና፣ «ሁለት ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ይመልሱልኝ» አላቸው። ሰው የጠየቃቸውን እምቢ ማለት ትተዋልና ገቡ። በመስኮቴ አያቸዋለሁ። ተቀመጡ። መዳፋቸውን መሪው ላይ አሳረፉ። ቁልፉን አላዞሩም። ላቡ ፊታቸው ላይ ወረደ። ሾፌሩ ተመልሶ በሩን ሲከፍት፣ «ልውረድ? ተፈቀደልኝ?» አሉት። ያ ልጅ አፍሮ አቅፎ አወረዳቸው።

ስለ እስር ቤቱ ያወሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ራሳቸው ጀመሩ።

«ስገባ ተውባ የማደርግበት ቦታ ይመስለኝ ነበር ጌታዬ። ሰው ገድያለሁና ቁጭ ብዬ አላህን ምሕረት የምለምንበት። የመጀመሪያውን ወር እንደዚያ ነበር። ሙሜን ሌሊት ከቀን አየው ነበር፤ ድምፁን እሰማው ነበር። ከዚያ ምን ሆነ መሰለዎት? የውሃ ወረፋ አለ። የመኝታ ቦታ አለ። ዛሬ ማን ተቆጣ፣ ነገ ማን ይቆጣ ይሆን የሚባል ነገር አለ። እሱን ሳስብ፣ ሳስብ፣ አንድ ቀን የሙሜን ፊት ላስታውስ ብል ጠፋኝ። ወላሂ ጠፋኝ። እጄ ላይ የሞተ ሰው ፊት! ከመታሰሬ ያ ባሰብኝ።»

ድሮ «አንተ ልጅ» ይሉኝ የነበሩ ሰው «መሰለዎት» ሲሉኝ የተሰማኝን ልናገር አልችልም። «ጋሽ ኢድሪስ፣ እንደ ድሮው አንተ ይበሉኝ እንጂ» አልኳቸው። «እሺ ጌታዬ» አሉ።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ፈትያን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወሩኝ። አመሻሽ ላይ፣ እስር ቤት በሚቆጠሩበት ሰዓት፣ ባላቸው ግቢው ውስጥ ግድግዳውን ተጠግተው ይቆማሉ። ልጃቸው ሂክማ መጀመሪያ ሶላት የሚሰግዱ መስሏት ነበር። «ከውጭ በኩል ካልቆለፍሽልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም ይለኛል» አሉኝ። «እቆልፍበታለሁ። ምን ላድርግ? በገዛ ቤቱ ባሌን እቆልፍበታለሁ፤ ከዚያ እኔ አልተኛም።» ያኔ መናገር ነበረብኝ። «አይዞዎት» ብዬ ሄድኩ።

የተናዘዝኩት ከወራት በኋላ ነው፤ ለእሳቸው ለራሳቸው። ሐሙስ ቀን ነበር፤ ዝናብ ይጥላል። ፋይል ይዘው መጥተው በር ላይ ቆሙ። አስገባኋቸው፤ አስቀመጥኳቸው። ሰው እንዳይሰማ በሩን ዘጋሁት። ስህተቴ እሱ ነው። የበሩ መቆለፊያ ቀጭ ሲል ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ግን ጀምሬያለሁና አላቆምኩም።

«ጋሽ ኢድሪስ፣ ያን ቀን እንዲፈጥኑ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሰድቤዎታለሁ። ፍርድ ቤት አላውቅም ያልኩት ውሸቴን ነው። ይቅር ይበሉኝ ልልዎት አልደፍርም፤ ግን ከፈለጉ አሁኑኑ አብረን ሄደን እናገራለሁ።»

ተነሱ። እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ዓይናቸው በሩ ላይ ነው።

«የለም ጌታዬ። የቸኮልኩት እኔ ነኝ።»

«ያስታውሱ እንጂ ጋሽ ኢድሪስ፤ ስልኩ ሲደወል፣ እኔ...»

«በራሴ ፍላጎት፣ በራሴ ቸልተኝነት ነው። ማንም አላስገደደኝም።» ፍርድ ቤት የተናገሩትን ቃል በቃል፣ ድምፃቸው እንኳ ሳይቀየር ደገሙት። «ቃሌን ሰጥቻለሁ። አልቀይርም። ጨርሻለሁ እኮ ጌታዬ፤ ሁሉንም ጨርሻለሁ። መሄድ ይፈቀድልኛል?»

የፈተንኳቸው መስሏቸው ይሁን፣ ወይስ ያን ቃል ደጋግመው ደጋግመው እውነቱን ራሱ ረስተውት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሩን ከፈትኩላቸው። ኮሪደሩን በጥግ በጥግ ይዘው ሄዱ። እኔ ልገላገል ብዬ ያን ሁሉ ፍርሃት መልሼ ጫንኩባቸው።

ከሳምንት በኋላ አንድ ደብዳቤ ፈረምኩ። ጋሽ ኢድሪስ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የውሃ ማጠራቀሚያ በጥበቃነት እንዲዛወሩ የሚል ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ለጤናቸው አየሩ ይሻላል» አልኩ። እውነቱ ግን፣ ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ቆመው ማየት አልቻልኩም። እዚያ አራት ዓመት ያህል ሠሩ። የሚሠሩበት ግቢ ሰፊ ነው፤ ሣር አለው፤ ከታች ከተማው በሙሉ ይታያል። ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ እንደነገረኝ፣ ጋሽ ኢድሪስ ከጥበቃ ቤቱ እስከ ገንዳው ድረስ ያለችውን መስመር ብቻ ነበር የሚመላለሱባት። ምሳ ሰዓት እንኳ ከአጥሩ አይወጡም። ፍርዱን ያልጨረሰ ሰው ይመስሉ ነበር አለኝ። አንድም ቀን ሄጄ አላየኋቸውም።

ለተዕዚያ፣ ቤተሰቡን ላጽናና የሄድኩት በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ጀጎል ውስጥ ያችን ጠባብ መተላለፊያ ለማግኘት ሰው መጠየቅ ነበረብኝ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ቤታቸው የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ፣ አደጋውን ልነግር ነውና። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ወንዶቹ መደቡ ላይ ተደርድረዋል፤ አንድ ሽማግሌ ድምፁን አሰምቶ ቁርኣን ይቀራል። ልጃቸው ነስሩ ተነስቶ ቦታ ለቀቀልኝ። ብዙ ሳልቆይ ወይዘሮ ፈትያ ግቢው ውስጥ አስጠሩኝ።

«ኢንጅነር፣ እንኳን መጡ» አሉኝ። ዓይናቸው ደረቅ ነበር። «ዱዓ ሲያደርግ ስምዎን አይዘልም ነበር። ‹ሥራ የመለሰልኝ እሱ ነው› ይላል። አላህ ይስጥዎት።»

ያንን ምርቃት ይዤ መውጣት እችል ነበር። ከዚያ በፊት ስንቱን ይዤ ወጥቻለሁ። እግሬ ግን እምቢ አለኝና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከረባቱን፣ ስልኩን፣ የተናገርኩትን፣ ፍርድ ቤቱን።

ወይዘሮ ፈትያ ስጨርስ፣ «እስቲ ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩ። የግቢው ግድግዳ ላይ እጃቸውን ደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ስምንት ዓመት» አሉ። «ስምንት ዓመት አንድ ነገር ነው የጠየቅሁት። ‹ለምን ቸኮልክ? ቸኩለህ የማታውቅ ሰውዬ፣ ያን ቀን ምን ነካህ?› እለዋለሁ። ‹ቸኮልኩ በቃ› ይለኛል። እስር ቤት ላየው በሄድኩ ቁጥር ጠየቅሁት። ከወጣም በኋላ ጠየቅሁት። ሌላ ሴት ጋ ሊሄድ ነበር ብዬ ያሰብኩበት ጊዜ አለ፤ አስበኸዋል? ልጆቹ ደግሞ አባታችን በገዛ እጁ ቤታችንን አፈረሰ ብለው አኩርፈውት ኖሩ። ነስሩ ከአባቱ ጋር በአንድ ማዕድ መብላት ትቶ ነበር። ኢድሪስ ይህን ሁሉ እያየ ነው ዝም ያለው።»

«ወይዘሮ ፈትያ...»

«እኔን አይደለም ማናገር ያለብህ። እኔ ብነግራቸው ለባሏ ታዳላለች ይሉኛል። ተነስ፤ ግባና ለልጆቹ አንተ ንገራቸው።»

«ሰው ሁሉ አለ እኮ።»

«እሱ ሲፈረድበትም ሰው ሁሉ ነበር።»

ከኋላ ከኋላዬ ተከትለውኝ ገባን። ቁርኣን የሚቀራው ሽማግሌ ወይዘሮ ፈትያን ከወንዶቹ በኩል ቆመው ሲያይ አቆመ። ሂክማ ከሴቶቹ ክፍል ተጠርታ መጣች። ነስሩ ተነስቶ ቆመ። እኔ ካልሲዬን አያለሁ። ስሜን ተናገርኩ፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ ለምን እንደተናገርኩት አላውቅም። ከዚያ፣ «አባታችሁ ያን ቀን የፈጠኑት እኔ ተናግሬያቸው ነው። እሳቸው አልፈለጉም ነበር። እኔ ነኝ» አልኩ።

ሂክማ፣ «ምን ብለዋቸው ነው?» አለች።

«እንዲፈጥኑ ነገርኳቸው።»

«አባቴ ፍጠን ስለተባለ የሚፈጥን ሰው አይደለም። እኛ ስንት ጊዜ ብለነዋል። ምን ብለዋቸው ነው? ያሉትን እንዳሉት ይንገሩን።»

በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት፣ በሟቹ ቤት፣ ያልኳቸውን ቃላት አንድም ሳላስቀር፣ ስድቡን ስድብ አድርጌ ተናገርኩት። አንድ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» አሉ። ነስሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወይዘሮ ፈትያ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ሰማችሁ አይደል?» አሏቸው ልጆቻቸውን። «አባታችሁን ነው የሰደበው። አባታችሁ ዝም ብሎ አልቸኮለም።»

ማንም ውጣ አላለኝም፤ ማንም ተቀመጥም አላለኝም። ወጥቼ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳስር፣ ከውስጥ፣ ከሴቶቹ ክፍል የወይዘሮ ፈትያ ለቅሶ ተሰማ። ከፍ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ ለቅሶ ነበር። ውጭ ቆመው የነበሩ አንዲት ጎረቤት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «አልሐምዱሊላህ። ከሞተ ጀምሮ እንባ እምቢ ብሏት፣ ምን ትሆንብን ይሆን ብለን ፈርተን ነበር» አሉኝ።